ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ዳር ይቆሙ የነበሩት ጋሼ ግርማ

ጋሼ ግርማ ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚሁ ካልጋሪ፣ ዶቨር ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ የአንድ ልጃቸውን የሐናን እጅ እንደያዙ ዐርፈዋል። ታመው ስለከረሙ ዜናው ያልተጠበቀ አልነበረም። ቢሆንም ስልኩ ሲደወልልኝ አዲስ ሆነብኝ። ለምታውቋቸው ሁሉ፣ እኔ የማውቃቸውን ጋሼ ግርማን ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

የተዋወቅነው በሥራ ቦታ ነው። እሳቸው ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሾፌር ነበሩ፤ እኔ አዲስ ገብ። በመጀመሪያው ዊንተሬ በምኖርበት ሰፈር፣ ታራዴል ውስጥ አውቶቡስ ስጠብቅ አይተውኝ መኪናቸውን አቆሙ። «ግባ፣ ግባ! በዚህ ጃኬት ነው ካልጋሪ የምትከርመው?» አሉኝ። በማግስቱ የራሳቸውን ወፍራም ካፖርት አምጥተው አለበሱኝ። መኪና እስክገዛም ድረስ የሥራ ፈረቃችን በገጠመ ቁጥር ከደጄ ይወስዱኝ ነበር። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በዚያች መኪና ተሳፍራችኋል።

ቅዳሜ ግን ከተማዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው የቦው ወንዝ ዓሣ ሊያጠምዱ ይወርዱ ነበር። ዳር ዳሩ በረዶ ሠርቶ መሐሉ ብቻ ሲፈስ፣ እሳቸው እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ውሃው ውስጥ ይቆማሉ። ክሩ ላይ ቀይ ቡሽ ያንሳፍፋሉ፤ ከቡሹ በታች መንጠቆ ላይ የተጠመጠመች ሰው ሠራሽ ትል አለች። ቡሹ ከውሃው ጋር ሲወርድ በዓይናቸው ይከተሉታል፤ ድንገት ስምጥ ሲል ዘንጉን ያነሣሉ። የሚይዙት አፈ ትንሽ፣ ብርማ ዓሣ ነው፤ ዋይትፊሽ ይሉታል። መንጠቆውን በጥንቃቄ ነቅለው መልሰው ይለቁታል። «ታዲያ ለምን ይደክማሉ?» ስላቸው፣ «ሰላም ልለው ነው የመጣሁት» ይላሉ።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ነበሩ። ከዓመታት በፊት ያረፉትም ቅዳሜ ነው፤ ጋሼ ወንዝ ላይ ሳሉ፣ ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ የመጣችው ሐና አጠገባቸው ሆና። ሐና ደጋግማ ብትደውልም የአባቷ ስልክ ባትሪው በብርዱ አልቆ ጠፍቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ወደ ዶቨር መምጣት ተወች። ጋሼ ግን ወንዙን አልተዉም፤ ብዙ ሰው ታዘባቸው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ እጃቸውን ሲያሞቁ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«አስቴር ናት ሂድ ያለችኝ» አሉ። «‹ፊትህ ጠቁሯል፣ ትንሽ አየር ውሰድ› ብላ።»

«ታዲያ ለሐና ለምን አይነግሯትም?»

«የሞተች እናቷን ምክንያት አላደርግም። ሐና ከከፋት በእኔ ይክፋት።»

ባለፈው ዊንተር፣ ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ፣ ወንዝ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። ውሃው ውስጥ መግባት ስላልቻሉ ከዳር ሆነው መንጠቆውን ይጥላሉ፤ ክሩ የሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ላይ የሚጋገረውን በረዶ እኔ አራግፍላቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ ሕመማቸውን የሰማችው ሐና በከተማ ጫማዋ እየተንሸራተተች ወደ እኛ ወረደች።

«አባዬ፣ ማይነስ ትዌንቲ ነው! ሲሪየስሊ?»

ጋሼ ዞር ብለው አዩዋት። «ሐንዬ፣ ያን ቀን መሄድ አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ» አሉ። «ሂድ ያሏቸው እናትሽ ናቸው» ልላት ቃጣኝ።

«ኖ፣ አባዬ። እማዬ ነግራኛለች። ‹እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ እንዳትቆጪው› ብላኛለች። እኔ አንግሪ የሆንኩት በሱ አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

«ከዛ በኋላ ባለው ነው። እኔም እኮ እናቴ ናት የሞተችብኝ! አንተ ኤቭሪ ሳተርዴይ እዚህ መጣህ። አንድ ቀን እንኳ ‹ሐና፣ ነይ አብረን እንሂድ› አላልከኝም። ብቻዬን ተውከኝ።»

ቡሹ ሲሰምጥ አየሁ፤ ጋሼ ግርማ አላዩትም። ዘንጉን በረዶው ላይ ጥለው ልጃቸውን አቀፉና «አላወቅሁም፣ ልጄ፤ አላወቅሁም» እያሉ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ወንዝ የምትወስዳቸው ሐና ሆነች። ኋላም ጠቅልላ ዶቨር ገባች። መውጣት ሲያቅታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አብረው ስለ እናቷ ያወራሉ፤ እየሳቁም፣ እያለቀሱም። ሊያርፉ አካባቢ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ሐና ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ጠብቀው፣ «ጊዜው አነሰን» አሉኝ። ከአፋቸው የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

ጋሼ ግርማ፣ ሐዘንዎ ማንንም እንዳይከብድ ብለው ለብቻዎ ተሸከሙት። ያ ደግነትዎ ከልጅዎ ጋር ሊኖሯቸው የሚገባዎትን ዓመታት ወሰደብዎት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛ እንዲህ አናደርግም። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል የሐናን በር እናንኳኳለን። «ደህና ነኝ» ብትለንም እንገባለን። ስለ እሷ አይስጉ፤ በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።