ካሳነሽ አትባልም

ማክሰኞ ነበር። እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታችን ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ያበጠ እግሯን በትራስ ደግፋ ትስቃለች። ወሯ ገብቷል። አብራት በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው የዚምባብዌ ሴት ሺፍቷን ጨርሳ ልትጠይቃት መጣች። ስትገባ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለችና መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ ቀስ እያለች አጨበጨበች። በወገኖቿ በሾናዎች ዘንድ ሴት ሰውን የምታከብረው እንዲህ ነው። ከዚያ ወደ እህቴ ሆድ ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

«ቴንዳይ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ወንድ ከሆነስ?» አላት የእህቴ ባል።

«ለወንድም ይሆናል። ግን ሴት ናት፤ ምን ታውቃለህ አንተ!»

ቴንዳይ ማለት በቋንቋቸው «አመስግኑ» ማለት ነው። የሴትዮዋ እናት ስም ነው። እህቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሁለተኛው ሥራ ቦታ ነበር፤ ደሟን ያጠበችላትና ሆስፒታል ያደረሰቻት ይህች ሴት ናት። እህቴ «ይቺኛዋ በሕይወት ከመጣች ቴንዳይ ናት» ብላ ቆረጠች።

«የአገራችን ስም አልቆ ነው?» አልኳት።

ትራሱን ወረወረችብኝ። «ዝም በል! ምስክሬ አንተ ነህ።»

ረቡዕ ጠዋት ወለደች። ልጅቷ ደህና ነበረች። የእህቴ ደም ግን አልቆመም። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተች። ከዚህ በላይ... ይህን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያም የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጡ። ሕፃኗ ገና ሆስፒታል ናት። የበርዝ ሰርተፊኬቱ ፎርም ባሏ ኪስ ውስጥ ነው፤ የስሙ ቦታ ባዶ። እህቴ ሳትቀበር ስለ ስም ማውራት ጀመሩ።

«ካሳነሽ ትባል» አሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። «እናቲቱን ወሰደ፣ እሷን ሰጠን።»

«እህቴ ስም... አውጥታላታለች፤ ቴንዳይ» አልኩ። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እናት ሞታ አመስግኑ? ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው!»

በሁሉ አመስግኑ ብለው የሚሰብኩን እኚሁ ሰው ናቸው! ደግሞስ የማን ካሳ? ካሳ የሚከፍለው ያጠፋ ነው። የአንድ ቀን ልጅ ምን አጠፋች? በተጠራች ቁጥር እናቷን እየገደሉባት ሊያሳድጓት ነው። ይህን ሁሉ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በዚያው መሐል የዚምባብዌዋ ሴት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ሽማግሌዎቹን አየች። በጉልበቷ ወርዳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ መዳፎቿን ጎድጎድ አድርጋ አጨበጨበች። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል።

«እንዴ! ለቅሶ ቤት ታጨበጭባለች?» አለች አንዷ። «ምን ዓይነቷ ናት? አስወጧት!»

እሁድ እሁድ በመዝሙር መዳፋቸው እስኪቀላ የሚያጨበጭቡ ሰዎች! አንዲት ሴት ክንዷን ይዛ አስነሣቻትና በሩን አሳየቻት። ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም፤ እጅ ወደ በር ሲጠቁም ግን ማን አይገባውም? እኔን አየችኝ። ከዚያ ቤት ጭብጨባው ምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና የእህቴ ባል ብቻ ነን። እሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ያለቅሳል። እኔ ምንጣፉን አየሁ፤ ወጣች። በነሱ እናደዳለሁ፤ በዚያ ምንጣፍ ግን የበለጠ እናደዳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የእህቴን ባል ቀሰቀስኩት።

«ጋሼ፣ ፎርሙን አምጣው።»

«ሽማግሌው እኮ ተናገሩ...»

«ሽማግሌው አባቷ አይደሉም። አንተ ነህ።»

ተነሥቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። «አንተ ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ።»

በትልልቁ ጻፍኩት፤ ቴንዳይ። ማንንም ማመስገን አላሰኘኝም። ስሙን ያወጣችው ግን እህቴ ናት። ፈረመ፤ ሆስፒታል ወስደን ሰጠን።

እሱ ልጅቷ ጋ ቀረ። እኔ አውቶቡስ ይዤ ሴትዮዋ ወደምትኖርበት ሀያትስቪል ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ከፈተችና አየችኝ። በመንገድ ያዘጋጀሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። በጉልበቴ ወረድኩ፣ መዳፎቼን ጎድጎድ አድርጌ አጨበጨብኩላት። የወንዶቹ አጨባጨብ ሌላ ዓይነት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እሷ ስታደርግ ያየሁትን ነው ያደረግሁት።