የኦቦ ገመቹ ውሃ ልክ

ሕመሜ የጀመረው በአንዲት ነጭ መስመር ነው። ቡራዩ በተከራየነው ቤት፣ በኮምፒውተር አውሮፕላን እያስመሰልኩ ለማበርበት የበረራ ሲሙሌተሬ የአውሮፕላን መሣሪያዎችን ከካርቶንና ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተር አስመስዬ እሠራለሁ፤ አውሮፕላን ግን አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም። የዚያን ሰሞን ሰው ሠራሹን አድማስ ጨርሼ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አቆምኩት። አውሮፕላኑ ማዘንበሉን ለአብራሪው የሚያሳይ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቡናማ ክብ ነው። ጠዋት ሳየው በመሃል የምታልፈው መስመር ወደ ቀኝ ዘመም ብላለች።

ብሎኑን ፈትቼ አስተካከልኩ። አሁንም ዘመም ብላለች። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። በሦስተኛው ቀና አለችልኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ወደ ግራ ወደቅኩ።

ቤቱ ዞረ። አስመለሰኝ። መቆም አልቻልኩም።

ባለቤቴ ሰብለ ጎረቤታችንን ኦቦ ገመቹን ጠራች። የዕድሜ ልክ ግንበኛ ናቸው፤ ለሥራ ሊወጡ ሲሉ ስለደረሰችባቸው ውሃ ልካቸውን እንደያዙ መጡ። "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ፣ የራሴን ትቼ ጠረጴዛው ጠማማ መሆኑን ነገርኳቸው። ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ቀጥሎ መስመሯ ላይ አድርገው አረፋዋን አዩ።

"ጠረጴዛው ደህና ነው። መስመሯን ግን ወደ ግራ አዝምመሃታል" አሉ። "ልጄ፣ የጠመመው ያንተ ዓይን ነው። ሐኪም ጋ እንሂድ።"

በጋሪ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አዲስ አበባ ገብቼ መታየት አለብኝ ተባለ። መንገዱ ግን ተዘግቷል። የገበሬውን መሬት ይወስዳል የተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የበረታበት ሰሞን ነበር፤ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ አምቡላንስም አያልፍም።

ሁለት ቀን ጠበቅን። ተኩስ ይሰማል። ጣቶቼን እቆጥራለሁ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እንዳይታዩኝ። ስሜን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ምላሴ እንዳይተሳሰር። ደግሞ እቆጥራለሁ። ፈርቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተና አዲስ አበባ ገባን። አንዲት የጆሮ ስፔሻሊስት አፍንጫዋን እንዳይ ነግራኝ ጭንቅላቴን ድንገት አዞረችው። ወደ ግራ ስታዞረው ዓይኔ ከአፍንጫዋ ይንሸራተታል። ሌላም ሌላም መርምራ፣ "ስትሮክ አይደለም፤ ቬስቲቡላር ኒውራይተስ ነው" አለች። የግራ ጆሮዬ የሚዛን ነርቭ ተቆጥቶ ኖሯል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለሦስት ቀን ብቻ ሰጥታኝ፣ "ተኝተህ አትድንም፤ ተንቀሳቀስ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዓይኔን እዚያችው መስመር ላይ ተክዬ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ ግድግዳ ይዤ መራመድ፣ ቆይቶም በሰብለ ክንድ ተደግፌ በኮብልስቶኑ እስከ ታክሲ መያዣው መሄድና መመለስ ሥራዬ ሆነ። ብሎኑን አልነካሁትም።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ሳያት መስመሯ ወደ ግራ አዘምማለች። ሰብለን ጠርቼ ጠማማ ናት አልኳት። "ከወደቅክበት ቀን ጀምሮ ጠማማ ናት" አለች። ዓይኔ ተቃንቷል ማለት ነው፤ አለቀስኩ።

እንደኔ ድንገት ለዞረባችሁ፦ ስትሮክ አለመሆኑን ሐኪም ሳያረጋግጥ ቤት አትቀመጡ፤ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም ምላሳችሁ ከተሳሰረ ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ። ነርቩ ነው ከተባላችሁ አልጋውን ልቀቁ። ኦቦ ገመቹን አመሰግናለሁ፤ የገዛ መሬታቸው ነገ የማን እንደሚሆን በማያውቁበት ሰሞን የእኔን ጠረጴዛ ለክተውልኛል። ብሎኑን ዛሬም አላስተካከልኩትም። ጠዋት ጠዋት መስመሯ ጠማማ መሆኗን አይቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።