የአባቴ ፋኖስና ሁለቱ ድስቶች

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ቅንድብ፣ ግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋና አንድ የአባቴ ወዳጅ ነው። ቅንድቡ በቅሏል፤ ሥጋውም ተበልቷል።

የሆነው አምና ነው፣ አባቴ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ። ሲወራ አጭር ነው። ሰው አልሞተበት፣ ፖሊስ አልመጣበት። ሆኖም ድስት በሸጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ድስት የማልሸጥበት ቀን የለም።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ። ባልዲ፣ ትሪ፣ ቴርሞስ፣ በቻርጅ የሚሠራ መብራት፣ ድስት በየመጠኑ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የቀረውን የተማርኩት እዚያው ገበያ ነው። እዚያ ፈተና የሌለበት ቀን የለም፤ የወደቀ ሰውም ከኪሱ ነው የሚወድቀው።

አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። ጨክኜ አይደለም፤ አልመጣልኝም። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ የሱቁን ቁልፍ የት እንዳደረግኩ ነበር የማስበው። ሰው «አይዞህ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ። ከዚያ በኋላም እንዲያው ሆኜ ቀረሁ። እበላለሁ፣ እሸጣለሁ፣ እተኛለሁ።

ከእሱ የደረሰኝ አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ በፓምፕ የሚሠራ የላምባ ፋኖስ፣ ከናስ የተሠራ የላምባ ምድጃና አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት የአልሙኒየም ድስቶች አሉ። አባቴ በወጣትነቱ ደባርቅ ድረስ ስኳርና ጨው ያመላልስ ነበር። ስሜን ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው የሰነበቱ ፈረንጆች የበቅሎ ኪራይ ሲጎድላቸው ይህንን ዕቃ ሰጥተውት ሄዱ። እኔ ብሆን አልቀበልም ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን በሙሉ ተጠቀመበት።

የተጠቀመበት ብቻውን አይደለም። አያ ፈንቴ የሚባሉ የትክል ድንጋይ ገበሬ አብረውት ነበሩ። ሁለቱ በወጣትነታቸው ሸቀጥ በአህያ ጭነው ከገበያ ገበያ ይዞሩ ነበር። አባቴ እስላም፣ አያ ፈንቴ ክርስቲያን። ፋኖሱ አንድ፣ ምድጃው አንድ፣ ድስቱ ግን ሁለት። ምክንያቱን የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ሥጋ የሆነ ቀን እያንዳንዱ በራሱ ድስት የራሱን ወገን ሥጋ ይሠራል። ሽሮ የሆነ ቀን አንድ ድስት ይጣድና ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ከገበያ ገበያ መዞሩን ሲተዉ ሣጥኑ እኛ ቤት ተቀመጠ። አያ ፈንቴ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ምሳቸው እኛ ቤት ነበር። አባቴ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምድጃውን በፓምፕ ይሞላል፣ እናቴ ሽሮዋን ታቀርባለች፣ እሳቸው ራሳቸው ያማስላሉ። ልጅ ሆኜ ደጋግሜ አይቻለሁ። የትኛው ድስት እንደሚጣድ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። የማይሸጥ ዕቃ አላይም ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ በደባርቅ መንገድ ላይ ሎጅ የሚሠራ ሰው ሱቄ መጣ። ለጌጥ የሚሆን የጥንት ዕቃ ይፈልጋል። ስለ ሣጥኑ ነገርኩት። «ሲሠሩ ካየሁ ፋኖሱንም ምድጃውንም እወስዳለሁ» አለ። ድስቶቹን አልፈለጋቸውም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳዋን፣ ተቀምጣ ነበር፤ ከቤት አትወጣም።

«ዕቃው ያንተ ነው፤ ያሻህን አድርግ» አለችኝ። «አያ ፈንቴ ግን ከዚህ ቤት እንዳይቀሩ። ከአባትህ የቀረኝ እሳቸው ናቸው።»

«አይቀሩም» አልኳት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ሣጥኑን ወደ ሱቅ ወስጄ ዕቃውን ማጽዳት ጀመርኩ። ማጽዳት እችልበታለሁ፤ የከረመ ዕቃ አጽድቶ አዲስ ማስመሰል እንጀራዬ ነው። ምድጃውን በሎሚና በአመድ አሸሁት። ድስቶቹንም፣ የማይሸጡ ቢሆኑም፣ እጄ ከቆሸሸ አይቀር ብዬ አብሬ ፈተግኳቸው። አንደኛው ጆሮው ላይ ጥላሸት የጠጣ፣ የጠቆረ ክር ታስሮበታል። በቢላ ቆርጬ ጣልኩት። ጨርሼ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መንታ መሰሉ። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ሥራው ግን ጥሩ ነበር።

ፋኖሱን ማብራት አልቻልኩበትም። አባቴ ከአያ ፈንቴ በቀር ማንንም አያስነካም ነበር። ስለዚህ ሰው ልኬ «ቅዳሜ ሱቅ ብቅ ይበሉ፤ ፋኖሱ ሊሸጥ ነው፣ እንዲያበሩልኝ። ምሳ ቤት ነው፤ እናቴ ትጠብቅዎታለች» አልኳቸው። «እመጣለሁ» ብለው መለሱልኝ።

ቅዳሜ የሎጁ ሰውዬ ቀድሞ መጣ። ምድጃውን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ይህማ አያቅተኝም ብዬ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የገዛሁትን ላምባ ሞልቼ ለኮስኩት። ላምባው ግማሹ ቤንዚን ኖሯል። ነበልባሉ ቡፍ ብሎ ተነሣና የግራ ቅንድቤን ይዞት ሄደ።

ጎረቤቴ ሁሴን ሥጋ ሻጭ ነው። በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«ሰይድ፣ የማን ተዝካር ነው? ፀጉር ይሸትተኛል» አለኝ።

«ሥጋህን ሽጥ።»

«እኔማ እሸጣለሁ። አንተ ግን ሌላኛውንም አስተካክለው፤ አንድ ዓይንህ ገርሞት የቀረ ነው የሚመስለው።»

ደህና ላምባ አበደረኝ። በሁለተኛው ሙከራ ምድጃው እሺ አለ፤ ሰማያዊ እሳቱን እየተነፈሰ ቆመ። የሎጁ ሰውዬ ስልኩን አወጣ።

«የሆነ ነገር ጠበስ አድርጉበትና ቪዲዮ ላንሳ» አለ። «ባዶ ምድጃ ሰው አያይም።»

ሁሴን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከትፎ አመጣ። ሒሳቡን በእኔ ላይ ጻፈው። ከሁለቱ ድስቶች ለእጄ የቀረበውን አንሥቼ ጣድኩት። ሥጋው ተጠበሰ። የሎጁ ሰውዬ ክርስቲያን ስለሆነ አልቀመሰም፤ «እኔን አትጠብቁ፣ እናንተ ብሉ» አለና ሲያነሣን ቆየ። እኔና ሁሴን ቆመን በላን። ድስቱን አጥቤ ደፋሁት።

አያ ፈንቴ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ግንባርህን ምን በላው?»

«ምድጃው ነው፣ አያ።»

«እንድሪስንም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጎታል። ወር ሙሉ ሻሽ አስሮ ነበር የሚነግደው። ሴቶቹ ሐጅ የሄደ መስሏቸው እጁን ይስሙት ነበር።»

እንድሪስ አባቴ ነው። ሁሴን ሳቀ፤ እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

ፋኖሱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የፓምፑ ቆዳ ደርቆ ነበር፤ ዘይት አስመጥተው በጣታቸው እያሹ አለሰለሱት። እንደ ሕፃን ካልሲ ያለችውን የምታበራዋን ጨርቅ አሰሩ። ለኮሱ፣ ሞሉ፣ ጠበቁ። ፋኖሱ ማፏጨት ጀመረና ነጭ ሆኖ በራ። በጠራራ ፀሐይ የሱቁ ጓዳ ቦግ አለ። የሎጁ ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀረ። አያ ፈንቴ ትንሽ አዩትና አጠፉት።

«ይኸው። አሁን ያንተ ነው» አሉት። «ስትሞላው አትቸኩል። ይሰማል።»

ሰውዬው በዋጋው ተስማማ፣ ከፈለኝ፣ ፋኖሱንና ምድጃውን ጠቀለለ። አያ ፈንቴ መሸጡን አልተቃወሙም። እንዲያውም፣

«ላምባም ጠፍቷል እኮ። እኛስ ከሰል ላይ እንሠራለን» አሉ። ከዚያ ተነሡ። «በል የእኔን ድስት አቀብለኝ፤ ይዘነው እንውጣ። እናትህ ሽሮዋን ይዛ ትጠብቀናለች።»

ሁለቱንም አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። አንዱን አንሥተው የድስቱን ጆሮ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። እሱን አስቀመጡ፤ ሌላውን ዳሰሱ። ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

«ክሩስ?»

«የቱ ክር?»

«ጆሮው ላይ የነበረው።»

«ቆሽሾ ነበር፣ ቆረጥኩት።»

በዚያው ድምፃቸው፣ «ማተብ ነው እኮ» አሉኝ። «ያሰረው እንድሪስ ነው። ለእኔ ከተፈተለው የተረፈውን ወስዶ አሰረበት። ‹ድስትህን ክርስትና አነሣሁልህ› እያለ ሲስቅብኝ ኖረ። የክርስትና ስሙንም አውጥቶለት ነበር።»

ያኔ ገባኝ። ሁሴንም ገባው፤ ወደ ሱቁ ሊመለስ ብሎ በሩ ላይ ቀረ።

«የታጠበ ነው ይሄኛው» አሉ። «ሠርታችሁበታል?»

«ሥጋ ጠብሰንበታል።»

«ከዚያ?» ዓይናቸው ወደ ሁሴን ሱቅ ነበር።

«አዎ።»

የሎጁ ሰውዬ የሚያግዝ መስሎት፣ «ታዲያ ሌላኛውን ይውሰዱት፣ ያልተሠራበትን» አላቸው።

አያ ፈንቴ አልተቆጡም። «ያልተሠራበት የእንድሪስ ከሆነስ?» አሉት። «እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሥጋውን ሠርቶበታል።»

ሁለቱም ድስቶች ያበራሉ። አንዱ የጎበጠ፣ አንዱ የተጫረ ነገር ይኖረው እንደሆነ አየሁ፤ ጭረቱን ፈትጌ ያጠፋሁት ራሴ ነበርኩ።

ነጋዴ ነኝና መደርደሪያዬን አየሁ። «አያ፣ አዲስ ላውርድልዎ። ከፈለጉት መጠን። እኛ ቤት ይቀመጣል፤ ክሩንም ዛሬውኑ እናስርበታለን።»

«ተባረክ» አሉ። «አዲስ ድስት እኮ ለእንግዳ ነው የሚወርድ።»

ይህን ያሉት እየወቀሱኝ አልነበረም። እንደ ማንኛውም ነገር ነው ያሉት። ዱላቸውን አነሡና፣ «ማኪናው ሳይሞላ ልድረስ። እናትህን ሰላም በልልኝ። ‹ሽሮው ለሌላ ጊዜ› በላት» ብለው ወጡ። እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋቸው። ያኔ የሚሰማ ነገር ካለ ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። ደንበኛ መጥቶ የባልዲ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ቤት ስገባ እናቴ ከሰሉን አያይዛ ነበር።

«የታሉ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ድስቶቹን ተቀበለችኝ፤ እሷም ጆሯቸውን ዳሰሰች። እንደምትለየው ጠብቄ ነበር። አልለየችውም። «ያ ክር ሲጠብቀን ነው የኖረው» አለችና ከሰሉ ላይ ውሃ አፈሰሰችበት።

በሳምንቱ ጥሩ ድስት መርጬ፣ ሰማያዊ ክር አስሬበት፣ በትክል ድንጋይ ማኪና ላክሁላቸው። አንድ ከረጢት ነጭ ሽንኩርት ላኩልኝ፤ ሸጋ ሽንኩርት። በአባቴ ዓመት ዱዓ ስናደርግ ልጃቸው መጣ። እናቴ «አባትህስ?» ስትለው፣ «እግሩን አሞት ነው፣ ይቅርታ ብሏል» አላት። ልጁ ተቀመጠ፣ ለስላሳ ጠጣ፣ አልበላም።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ላስረክብ ትክል ድንጋይ ወርጄ አያ ፈንቴን ገበያ መሀል አገኘኋቸው። እግራቸው ከእኔ እግር ይሻላል፤ አንድ ወይፈን እየጎተቱ ነበር። አቅፈው ሳሙኝ። እናቴን፣ ሚስቴን፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቁኝ። ቅንድቤን አይተው «በቀለ» አሉ። «ቤት ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። «እንገናኛለን» አሉኝ። ስለ ድስት አንድም ቃል አልተነሣም። ወይፈኑን እየጎተቱ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እናቴ ቅዳሜ ሽሮ መሥራት ትታለች፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ እያጠፈች፣ «አይቀሩም ብለኸኝ ነበር» አለችኝ። አዎ አልኳት።

አሁን ምን ይሰማሃል የሚለኝ ካለ፣ የምነግረው ብዙ የለኝም። ያኔ የጠበቅኩት ነገር እስካሁን አልመጣም። የከረመ ዕቃ ለመሸጥ ሲመጣልኝ ግን ሳላጸዳው አገላብጬ አየዋለሁ፤ ጆሮው ላይ፣ ክዳኑ ላይ፣ ሥሩ ላይ። የታሰረ ነገር ካለ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። ገዢዎች ይህን ጠባዬን አልወደዱትም፤ ቆሻሻ ዕቃ ይሸጣል ይሉኛል።

ፋኖሱ ሎጁ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ውስጡ አምፖል አስገብተውበታል። ምድጃው እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። እኛ ዘንድ የቀሩት የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሁለት ድስቶች ናቸው።