ያልታጠበው ነርቭ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1987 በነርቭ ተመራማሪዋ በኤርሲልያ ኦያርሱን ጠረጴዛ ላይ ያላለቀ ሥዕል ቀረ። በነርቭ ላይ የሚሮጥ መልእክት በወረቀት ላይ ሲሣል የተራራ ቅርጽ አለው፤ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ቁልቁል ይወርዳል። የእሷ መስመር ጫፉ ላይ ቆሟል። በዚያው ሌሊት በእንቅልፏ ሞተች።

ከቫልፓራይሶ በስተሰሜን ባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ያን መስመር የማያውቅ ሰው አልነበረም። በመጣችበት የመጀመሪያ ዓመት ግን እሷ ራሷ ልታየው አልቻለችም ነበር።

የመጣችው ለሂቢያ ብላ ነው። ሂቢያ ሰው የሚያክል ባለ አሥር ክንድ የባሕር እንስሳ ነው። የሰው የነርቭ ክር በዓይን አይታይም፤ የሂቢያ ግን በእጅ ይያዛል፣ ሽቦም ይገባበታል። የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ የመንደሩን ቤተ ሙከራ ሲሰጣት ታዲያ አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር፦ ወቅታቸው አልፎ ሂቢያዎቹ ከዳርቻው ሳይርቁ ሕያው ነርቭ ካላሳየች ቤቱ ይዘጋል።

ዓሣ አጥማጁ ዶን ባውዲልዮ በየማለዳው ያመጣላታል። እንስሳው ስለሚከብድ ከሚስቱ ከዶኛ ሱኒልዳ ጋር ባሕሩ ዳር ሰንጥቀው፣ ሆድ ዕቃውን ጥለው፣ ነርቩ ያለበትን ሥጋ ብቻ ያስረክቧታል። ኤርሲልያ ነርቩን ታወጣለች፣ በኤሌክትሪክ ትነካዋለች። ዝም። መሣሪያዋን ፈታ ገጠመች። አሁንም ዝም። አለቃዋ ከሳንቲያጎ መጥቶ አየና «የዚህ ባሕር ሂቢያ ነርቩ ደካማ ነው፤ ዕቃሽን ሰብስቢ» ብሏት ሄደ። ሂቢያዎቹም መመናመን ጀምረው ነበር።

አንድ ጠዋት መጠበቁ ቢያቅታት ራሷ ወደ ባሕሩ ወረደች። ዶኛ ሱኒልዳ በርሜል አጠገብ ተንበርክካ በጣሳ እያፈሰሰች ሥጋውን ታሸዋለች። በርሜሉ ውስጥ ያለው በመኪና የሚመጣ፣ መንደሩ እየተሻማ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው ዶኛ ሱኒልዳ?»

«እያጠብኩ ነዋ። እንስሳው የረጨውን ይሄን ሁሉ ጥቁር ቀለምና ጨው እንደተለቀለቀ ለዶክቶራ ልስጥ?»

«ሁልጊዜ ያጥቡታል?»

«ለርስዎ ብቻ። ለገበያ ማን ያጥባል? ውኃው በዚህ እያለቀ አይደል እንዴ ባውዲልዮ እንዲህ የሚሸተው።»

«እኔን ከተጠመቅኩ ወዲህ ውኃ ነክቶኝ አያውቅም» አለ ባሏ መረቡን እየጠገነ።

ኤርሲልያ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። የባሕር እንስሳ ነርቭ ጨው የሌለው ውኃ ሲነካው አብጦ ይሞታል። ለካ በአክብሮት ሲገድሉባት ነው የከረሙት። መሳቅም ማልቀስም አማራት።

«ከነቆሻሻው ይስጡኝ» አለች። «ግድ ካልሆነም በባሕሩ ውኃ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ዶክቶራዋ ቆሻሻ ትወዳለች ይበሏቸው።»

«እሱንስ ገና የመጡ ዕለት ብለናል» አለ ባውዲልዮ ከመረቡ ቀና ሳይል።

በማግስቱ ሥጋው ከነቀለሙ በባሕር ውኃ ባልዲ መጣ። ነርቩን አወጣች፣ ሽቦውን አስገባች፣ ቁልፉን ተጫነች። በመሣሪያው መስኮት ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ ሽቅብ ዘለለች፣ ጫፍ ነካች፣ ወረደች። ድምፅ ማጉያው ጠቅ አለ። ደግማ ተጫነች፤ ጠቅ። በሩን ከፍታ ባሕሩ ዳር ያለውን ሰው ሁሉ ጠራች። ጎማ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ገብተው ቤቱን ሞሉት።

«ሞቶም ይመልሳል?» አለች ዶኛ ሱኒልዳ። «የኔው በቁሙም አይመልስልኝ።»

አለቃዋ ዳግመኛ መጥቶ አየ፣ ሰማ፣ ምን እንደለወጠች ጠየቃት። «ባልዲውን» አለችው። ቤተ ሙከራው አልተዘጋም። ከሩቅ አገር ሳይቀር ነርቭ ሊማሩ የመጡ ሁሉ መጀመሪያ የሚማሩት ባልዲ ከባሕር መሙላትን ሆነ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነርቩ የእሷ፣ ሥጋው የዶኛ ሱኒልዳ ወጥ ቤት ድርሻ ሆነ። በዚያ በመጨረሻው ቀን፣ በኦገስት 12ም፣ መስመሩ ጫፉ ላይ ሲደርስ እርሳሷን ያስቀመጠችው ሥጋው ሳይበላሽ ላስረክብ ብላ ነበር። ያረጀችው ሱኒልዳ ሥጋውን ወቅታ የምታለሰልስበትን ዱላ ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ዛሬስ ተናገረ?»

«ሲለፈልፍ ዋለ።»

ሥጋውን አስረከበች፤ ባዶውን ባልዲ በባሕር ውኃ አለቅልቃ ከቤተ ሙከራው በር ጀርባ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።