የአባባ ቱሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት ለቡ ያለው ቤቴ ውስጥ ቧንቧው ሳለ። ውሃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲና ጄሪካን ይዞ ግር አለ፤ ማንኪያ ይዞ የወጣም አይጠፋም። ቧንቧው ግን እንደ ሽማግሌ ሁለቴ ስሎ ዝም አለ። ያን ሳል ስሰማ አባባ ቱሉ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በየማለዳው ከነፋስ ስልክ በሚኒባስ እየመጣሁ፣ ገና እርሻ በነበረው ለቡ የውሃ መስመር ቦይ እቆፍር ነበር። ጉልበቴ አካፋ ለማንሳት አይበቃም፤ ምላሴ ግን ብቻዋን አንድ ኪሎ ሜትር ትቆፍር ነበር። ኅዳር ላይ መስመሩ ከአባባ ቱሉ ማሳ ደረሰ። ጤፉ ገና አልደረሰም። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው መሐሉ ላይ ቆሙ።

«እህሌ ሳይደርስ አይነካም።»

ፎርማናችን ጥበቃ ሊጠራ ሲል እኔ ቀደምኩት። «አባባ፣ ያሳልፉን እንጂ! የመጀመሪያዋ ቧንቧ እርስዎ ደጅ ነው የምትተከለው። ውሃ እንዳይመስልዎት፣ ወተት ናት!»

ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው አልሳቁም። ሚስታቸው በየቀኑ አህያ እየነዱ ከወንዝ ነበር የሚቀዱት።

«በእናትህ?» አሉኝ።

«በእናቴ!»

እርጥብ ሣር ይዘው መረቁን። ከዚያ ያልደረሰውን ጤፍ በገዛ እጃቸው አጭደው መንገድ ከፈቱልን። ሚስታቸውም የሽምብራ እሸት አበሉን። በማግሥቱ ሳልፍ፣ ደጃቸው ላይ ጄሪካን የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተክለዋል።

ቱቦው ተቀበረ፤ ከማሳው ማዶ ወዳሉት አዳዲስ ቪላዎች አለፈ። አባባ ቱሉ ቢሮ ሄደው ቢጠይቁ «የቤት ቁጥር የለዎትም» ተባሉ። አያት ቅድመ አያታቸው ባረሱት መሬት ላይ! የቪላዎቹ የውሻ ቤት ሳይቀር ቁጥር ነበረው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ቧንቧችን መቼ ነው የምትመጣው?»

እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ታክሲ አጥታ ነው አባባ፤ መንገድ ላይ ናት» አልኩ።

ይኼኔ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ «እናትህ ደህና ናት?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ያመመኝ ግን የለም።

ዛሬ ማሳውም እሳቸውም የሉም። ድንጋዩ ግን ከአንድ ግንብ አጥር ሥር ብቅ ብሎ ይታያል፤ ሰው ሚኒባስ ሲጠብቅ ይቀመጥበታል። የእኔም ቤት የሚጠጣው ከዚያው ቱቦ ነው፤ ከጠጣ።

ባለቤቴ ባዶ ባልዲዋን ታቅፋ «መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ያች የታክሲ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ልዋጣት ብል፣ ጉሮሮዬ ደርቆ አልወርድ አለችኝ።