የአስር አለቃው ዕጣ

ኮባ ሲቆረጥ የሚሸተኝ ፋሲካ ነው። ዛሬም ጎረቤቶቼ የቅርጫውን ሥጋ ኮባ ላይ ሲመድቡ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ባሕር ዳር። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ ስንዱ ባል አስር አለቃው ዘምተዋል። እትዬ ስንዱ ኩሩ ስለነበሩ ለበዓል የሚላክላቸውን ሁሉ አመስግነው ይመልሱ ነበር።

ያን ፋሲካ ዕጣ ጣዩ ከየአባወራው ምልክት ሲሰበስብ አባቴ ለራሱ ጠጠር ሰጠና ከቱታው ላይ አንድ ቁልፍ ነቅሎ ጨመረ።

«ይሄ የአስር አለቃው ነው» አለ።

ድርሻው ሲወጣ ይዘንላቸው ሄድን። እትዬ ስንዱ በራቸው ላይ ቆሙ።

«እኔ ቅርጫ አልገባሁም!»

«የባልሽ ዕጣ ነው፤ ቢዘምትም ከቅርጫችን አልወጣም» አለ አባቴ።

የሌለ ሰው እንዴት ዕጣ እንደሚደርሰው ግራ ገባኝ። እትዬ ስንዱ ኮባውን ገለጥ አደረጉ። ሥጋውን አገላብጠው አዩት።

«እንዴ! ለሱ አጥንቱን ነው እንዴ የሰጣችሁት?» ብለው ተቆጡ።

አባቴ እስከ ቤታችን ድረስ እየሳቀ ተመለሰ። ተቆጥተውት ምን እንዳስደሰተው አልገባኝም ነበር።

አሁን አንዱ ጎረቤቴ «አጥንት በዛብኝ!» እያለ ሲነጫነጭ ሰማሁና እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ደፍሮ የሚነጫነጭ ባለድርሻ ብቻ ነው።