ጥ፣ ሩ፣ ዬ

ዛሬ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመቴ ከኮምፒውተር ጋር ተጣላሁ። እዚህ ሞጣ ኮምፒውተር የምታስተምረው ልጄ፣ ጡረታ የወጣ ጭንቅላት ይዝጋል ብላ ፕሮግራም መጻፍ ታለማምደኛለች፤ የዛሬው ትምህርት ከሌላ ዓይነት ነገር፣ ለምሳሌ ከቃል፣ ሊስት ማውጣት ነበር። ሊስት ማለት ዝርዝር ነው ስትለኝ እኔ ጅሉ ለኮምፒውተሩ ሰባት ቁጥርን ሰጥቼ ዝርዝር ጠየቅሁት፤ በቀይ ጽሕፈት ገሠጸኝ። የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት ነው እንዴ፣ ዝርዝር የለኝም የሚለው? ብላት፣ "አባዬ፣ ሰባት አንድ ነገር ነው፤ ውስጡ የሚዘረዘር የለም። ቃል ይስጡት" አለችኝ።

እሺ ብዬ በልጅነቴ ቢቸና አብረውኝ ፊደል የቆጠሩትን የአምስት ልጆች ስም በአንድ የጥቅስ ምልክት ውስጥ አጭቄ አስገባሁ። አምስት ሰው ይወጣል ብዬ ስጠብቅ አንድ አንድ ፊደል ሆነው ተበተኑ፤ በስሞቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንኳ እንደ ሰው ቆጥሮታል። ጥሩዬ የምትባለዋ ጥ፣ ሩ፣ ዬ ሆና ሦስት ቦታ ተቀምጣለች። ልጄ "ለየስሙ የራሱ የጥቅስ ምልክት ያስፈልገው ነበር" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ይህን መበተን አውቀዋለሁና።

ቢቸና የኔታ ዘንድ "ቁጥር" የምንለው ንባብ እንዲሁ ነበር፤ ቃሉን ሳንገጣጥም እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ እየነካን በዜማ እንጠራለን። እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠን፣ የብራናው የፍየል ቆዳ ሽታ እየሸተተን፣ ሁላችንም በአንድ ላይ ስንጮህ እንደተነካ የንብ ቀፎ ነበርን፤ በዚያ ጫጫታ መካከል እኔ ፊደሉን ትቼ ዜማውን ሸመደድሁ። ጆሮዬ ጎበዝ ነበር፣ ዓይኔ ሥራ ፈት። አፌ መስመሩን ጨርሶ ሲያርፍ ስንደዶዬ ገና ሦስተኛዋ ፊደል ላይ ነበረች፤ የኔታም ዓይናቸው ደከም ያለ ስለ ነበር ለብዙ ወራት አልነቁብኝም።

ወደ ቀጣዩ ንባብ የማለፊያው ቀን ግን ስንደዶዬን ተቀብለው መስመሩ መሃል አንዲት ፊደል ላይ ጣታቸውን ጫኑና "ይህችሳ?" አሉ። ካላወቅሁ ከሕፃናቱ ጋር ወደ ሀ ሁ መመለሴ ነው፤ አባቴም ከገበያ ሲመለስ ውጤቴን ሊሰማ ቀጥሯል። ዜማውን ከመጀመሪያው አንሥቼ በሆዴ እየቆጠርሁ ልደርስባት ብል መንገድ ላይ ጠፋሁ። ይህን ጊዜ ከየኔታ ጀርባ የተቀመጠችው ጥሩዬ፣ ከሁላችን የምትሻል አንባቢ፣ ከንፈሯን አሹላ "ሎ" አለችኝ።

የየኔታ ጆሮ እንደ ዓይናቸው አልደከመም። "ማነው የተነፈሰ?"

ከሁሉ እኔ ብቻ ተናገርሁ። "ጥሩዬ ናት የኔታ! ሌላ ፊደል እየነገረች ልታሳስተኝ ነው። እኔ ሎ መሆኗን አውቃለሁ።"

እኔ አለፍሁ። እሷ በቅጣት ወደ ሀ ሁ ወረደች፤ በሳምንቱም አባቷ "ለሴት ልጅ ይህም በዝቷል" ብሎ ከነጭራሹ አስቀራት።

ዛሬ ሞጣ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ያኔ የቆጠረችው ፊደል ጠፍቷት፣ ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣላት "እንካ ተማሪው፣ አንብብልኝ" እያለች ወደ እኔ ታመጣዋለች፤ አነብላታለሁ፣ ትመርቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ወረቀቷን እያጣጠፈች፣ "እኔማ ሀ ሁ ላይ የቀረሁ! ማን እንዳስቀረኝ እንኳ ረስቼዋለሁ" ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ጀግናው መነጽሬን መወልወል ያዝሁ።

ያለብኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ "እኔ ነኝ"። እስከ ዛሬ አልሰጠኋትም።